ለሁሉም የሚሆን ልብስ

አዲስ ዕቅድ በመጣ ቁጥር ኬክ ይቆረጣል። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው። ሮኬቱ ይዘገያል፣ በጀቱ ይዘገያል፣ ኬኩ ግን አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ኔልዳ ኢባራ ጠፈርተኛ ሆና በተቀጠረች ሰሞን የበላችው ኬክ ላዩ ቀይ ነበር፤ ማርስ ልንሄድ ነው ተብሎ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሹም መጣና ግራጫ ኬክ አስጋገረ፤ ማርስን እርሱት፣ የምንሄደው ጨረቃ ነው አለ። እሱም ተነሣ። ቀጥሎ የተሾመው ደግሞ ጨረቃንም ማርስንም ትቶ በሕዋ ውስጥ የሚንከራተት አንድ አለት ላይ ሰው እናደርሳለን አለ፤ የዚያን ጊዜው ኬክ ቸኮሌት ነበር፣ እሱስ እውነት ለመናገር ይጣፍጥ ነበር። ከዚያ እንደገና ቀይ። ዛሬ ደግሞ ግራጫው ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል።

ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። የሂዩስተኑ የጠፈር መሥሪያ ቤት ሰዎች ከሌላው የሚለዩት ላሚቱን ሳያዩ በየጊዜው አዲስ ማለቢያ መሥራታቸው ነው። ለመጀመሪያው የማርስ ዕቅድ የተሠራው የጠፈር ልብስ ብዙ መንገድ እንዲያስኬድ ወገቡ ላይ መታጠፊያ ነበረው። የአለቱ ልብስ ደግሞ ለመራመድ የማይሆን ሽባ ነገር ነበር፤ አለቱ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይኬድማ። አሁን ያለው ጀርባው ላይ በር አለው፤ ሰው እንደ ቁም ሣጥን ከፍቶት ይገባበታል። ሁሉንም ለብሳ፣ ወድቃ፣ ተነሥታ፣ በላብ ተዘፍቃ የሞከረችው ኔልዳ ናት። ከአሁኑ በቀር ሁሉም ከተሞከሩ በኋላ ተሰረዙ።

ነሐሴ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ አዳራሹ የሄደ ሰው ሸሚዙ በላብ ርሶ ነው የሚደርሰው። ኔልዳ አንገቷን በወረቀት እያራገበች ተቀመጠች።

«ቤተሰብ!» አለ ግራንት ኮልዌል ከመድረኩ። ሰውየው ፕሮግራሙን እንዲመራ ከተሾመ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው፤ ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤቱን የሚያውቀው ከቴሌቪዥን ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን መናደድ ይቀል ነበር። «ቤተሰብ፣ በዚህ ጊዜ የምር ነው!»

ኔልዳ አጠገቧ ወደተቀመጠው ወደ ሃርላን ስታብልፊልድ ዘንበል አለች። «እስከ ዛሬ የነበረውስ ምን ነበር?»

«እስከ ዛሬማ ኬክ ለመብላት ነበር» አለ ሃርላን። ሃርላን የጠፈር ልብስ መሐንዲስ ነው፤ ከምሥራቅ ቴክሳስ ጥድ አገር የመጣ፣ ቦርጫም፣ ሱሪው በማንጠልጠያ የተያዘ፣ የጥርስ ስንጥር ከአፉ የማይለይ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው በሌላ ዓለም ላይ የሚራመድበትን ልብስ ሲሠራ ኖሮ ከሠራቸው አንዱም ከከተማው ወጥቶ አያውቅም። «ዝም ብለሽ ስሚ። መጥፎው አሁን ነው የሚመጣው።»

መጥፎውም መጣ። «ቶሎ ለመድረስ ስንል» አለ ግራንት፣ «አንዳንድ ነገሮችን አሻግረናል። የጠፈር ልብሱ በሁለት ልክ ብቻ ይሠራል፤ መካከለኛና ትልቅ። ትንሹ ልክ በቀጣዩ ምዕራፍ ይታያል።»

ኔልዳ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጣዩ ምዕራፍ! በቀዩም ዕቅድ ትንሹ ልክ ለቀጣዩ ምዕራፍ ተባለ፤ በግራጫውም፤ በአለቱም። ቀጣዩ ምዕራፍ የሚባል አገር ቢኖር ኖሮ ይሄኔ በትንንሽ የጠፈር ልብሶች ተጨናንቆ ነበር። እሷ አጭር ናት። እናቷም አጭር ነበረች፣ የኪንግስቪል ኢባራዎች በሙሉ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ለማውረድ ወንበር የሚጎትቱ ሰዎች ናቸው። ከጠፈርተኞቹ ሁሉ ከሷ የምታንስ አንዲት ብቻ ናት፤ ሊን ቩ፣ የፖርት አርተር ዓሣ አጥማጆች ልጅ፣ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች። ሊን የፊት ወንበር ላይ ሆና ታጨበጭባለች።

ከኬኩ በኋላ ግራንት ኔልዳን ቢሮው አስጠራት።

«ስምሽ አለ» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«የት ላይ?»

«ጨረቃ ላይ ከሚያርፉት ሁለት ሰዎች ውስጥ። አንዱ ዳሬል ኦስትማን ነው። ሁለተኛዋ አንቺ።»

ዳሬል የባሕር ኃይል አብራሪ የነበረ፣ በር ሲገባ የሚጎነበስ፣ ግንድ የሚያህል ሰውዬ ነው። ኔልዳ ግን ስለ ዳሬል አላሰበችም። ስንቱን ሸኝታለች፣ የስንቱን ሚስትና ባል እጅ ይዛ ሮኬት ሲተኮስ አይታለች፣ ስንት ጊዜ «ያንቺም ተራ ይደርሳል» ተብላለች። እንባዋ እንዳይቀድማት ጥርሷን ነከሰች። ወዲያው ደግሞ ተናደደች፤ ከዚህ ቀጥሎ «ግን» የሚል ቃል እንደሚመጣ ታውቃለቻ።

«ግን» አለ ግራንት።

«እህ፣ ግን!»

«ትንሽ ልብስ የለንም፤ ሰምተሻል። መካከለኛውን ለብሰሽ ፈተናውን ማለፍ አለብሽ። መውደቅ፣ መነሣት፣ መሰላል መውጣት፣ ድንጋይ መልቀም። ካለፍሽ አንቺም ትሄጃለሽ፣ እኛም ያለ ትንሹ ልክ እንደሚቻል እናሳያለን። ሁላችንም አሸነፍን ማለት አይደል?»

«ካላለፍኩስ?»

«ሊን ቩ ተጠባባቂ ናት። በዚያው ቀን ካንቺ ቀጥላ ትሞክራለች።»

«ሊን እኮ ከኔም ታንሳለች፣ ግራንት!»

«ስፖንጅ ይጨመርላታላ» አለ፣ ትራስ የሚያስሞላ ይመስል።

ልትጮህበት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም። ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረዋታል፤ በአጥንቷና በዕድሜዋ የተነሣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሕዋ አያሳልፏትም። ወይ አሁን ትሄዳለች ወይ መቼም አትሄድም። «እሺ» ብላ ወጣች።

ሃርላን ነገሩን ሲሰማ ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ ወለሉ ላይ ወረወረው።

«ይኸውልሽ፣ ካለፍሽ ትንሹ ልክ ተቀበረ» አላት። «‹ኔልዳ በመካከለኛው ሄዳ የለ እንዴ!› ይላሉ። ካሁን በኋላ የሚመጣ አጭር ሰው ሁሉ ባንቺ ስም ስፖንጅ ሲጠቀጠቅበት ይኖራል።»

«ከወደቅሁስ?»

«ሊንም ከወደቀች ይሠሩታል። ሳይወዱ በግድ!»

«ሠርተው ሲጨርሱ እኔ የት ነኝ?»

ሃርላን የወረወረውን ስንጥር ከወለሉ ሊያነሣ አጎነበሰ።

«ንገረኛ! የት ነኝ? ኪንግስቪል በረንዳ ላይ ተጎልቼ ጉልበቴን ቅባት እየቀባሁ ነዋ!»

«እኔ ላይ ምን ያስጮህሻል? ትንሹን ልብስ ሦስት ጊዜ የነደፍኩት እኔ፣ ሦስት ጊዜ የሰረዙት እነሱ!»

«ሌላ የምጮህበት ሰው የለኝማ!»

ይሄም እውነት ነው። ሁለቱ ሲጯጯሁ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሲጨርሱ አብረው ምሳ ይበላሉ። ያን ቀንም የተጠበሰ የበሬ ደረት በቂጣ ጠቅልለው እየበሉ ሳለ ሊን ልብሱን ልትለካ መጣች።

«እንዴት ነው፣ ትንሿ?» አላት ሃርላን አፉን እየጠረገ። «የትናንቱ የውኃ ገንዳ ልምምድ እንዴት ነበር? ልብሱ የቆረቆረሽ ቦታ አለ?»

«ደህና ነው!»

«ምንም?»

«ኧረ ምንም! በጣም ደህና ነው!»

ሃርላን ራሱን ነቀነቀ። ይህን ጥያቄ ለስንቱ ጠፈርተኛ ጠይቆ ይህንኑ መልስ ሰምቷል። እዚያ ቤት ማንም ያመኛል አይልም። ያመኛል ያለ ሐኪም ዘንድ ይላካል፣ ሐኪም ዘንድ የተላከ ወንበሩን ያጣል፣ ወንበሩን ያጣ ደግሞ ሌላው ሲሄድ በመስኮት ያያል። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለነሱ የተተረተ ነው የሚመስለው። ጉንፋን የያዘው ጠፈርተኛ የሚያስነጥሰው መኪናው ውስጥ መስኮት ዘግቶ ነው።

ሃርላን ስፖንጅ ሊያመጣ ወደ ጓዳው ገባ። ሊን ከመደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ልታወርድ ግራ እጇን ዘረጋች፤ አልደርስ ሲላት በእግሯ ጣት ቆመች፤ በቀኟ ግን አልሞከረችም። ሊን ሌላ ጊዜ ቀኝ እጇን ነው የምትጠቀመው። ኔልዳ ምግቡን አስቀመጠች።

«ቀኝ እጅሽን አንሺ።»

«ለምን?»

«አንሺ አልኩሽ!»

ሊን እጇን እስከ ደረቷ አነሣችና ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ ነገር ናት፣ እትዬ።» ሊን እናቷ ቤት እንደለመደችው የምትበልጣትን ሴት ሁሉ እትዬ ነው የምትለው። «ልብሱ ስለሚሰፋኝ ገንዳው ውስጥ ስዘቀዘቅ ትከሻዬ ላይ እወድቃለሁ። ይለቀኛል።»

«ለሐኪም ነገርሽ?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«ለሃርላንስ? ሃርላን እኮ ሐኪም አይደለም!»

«ሃርላን ይጽፈዋል። የተጻፈ ነገር ደግሞ እግር አለው፣ ሐኪም ቤት ድረስ ይሄዳል።»

«ማነው እንዲህ ብሎ ያስተማረሽ? የትኛው ደደብ ነው?»

ሊን ግራ ተጋብታ አየቻት። «አንቺ ነሻ፣ እትዬ። የመጣሁ ሰሞን። ‹ሲያምሽ ሳቂ› አላልሽኝም?»

አዎ፣ ብላታለች። ምሳ ጋብዛት፣ እንደ ታላቅ እህት ልትመክራት ፈልጋ ነው ያለቻት። ለእሷም እንዲሁ ብለዋት ነበር፤ እሷም ከጓንቱ የተነሣ የጠቆሩ ጥፍሮቿን ቀለም ቀብታ ለስንት ፎቶግራፍ ፈገግ ብላለች። ሃርላን ስፖንጁን ታቅፎ ሲመለስ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ይበሉ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ተናዳ ከረመች። በግራንት ተናደደች፣ በሊን ተናደደች፣ መንገድ ላይ በቀስታ በሚነዱ አዛውንቶች ተናደደች። ከሁሉም በላይ የሚያናድዳት ግን ጨረቃ ነበረች፤ በየምሽቱ ከባሕሩ ወሽመጥ በላይ ወጥታ ታያታለች፣ እና መሄድ ትፈልጋለች። በቃ፣ እንደ ሕፃን ትፈልጋለች። ማንም ቢስቅባት ግድ የላትም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሃርላን አዳራሹ ውስጥ ስፖንጅ ሲጠቀጥቅባት አረፈደ። ጀርባዋ ላይ፣ ብብቷ ሥር፣ ዳሌዋ ግራና ቀኝ።

«ፍራሽ መሰልኩ» አለችው።

«ፍራሽማ ቢሆን ሰው ይመቸዋል» አለ ሃርላን፤ የጀርባውን በር ዘግቶ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገላት።

አዳራሹ ወለሉ አሸዋና ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው፤ ከላይ ክሬን አለ፤ ልብሱን የለበሰውን ሰው በገመድ ይዞ ክብደቱን እንደ ጨረቃ ያቀልለታል። ዙሪያውን ሰዉ ቆሟል፤ ዳሬል ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሌሎቹ ጠፈርተኞች እጃቸውን አጣምረው። ኔልዳ ወደቀች። ስትወድቅ መጀመሪያ ልብሱ መሬት ደረሰ፣ ቀጥሎ እሷ ልብሱ ውስጥ ደረሰች። ልትጎነበስ ስትል ልብሱ አልጎነበስም ብሎ ቆሞ ይጠብቃታል። ጣቶቿ የጓንቱ ጫፍ ስለማይደርሱ መዶሻውን የጨበጠችው በመዳፏ ብቻ ነው። የአንገቱ ቀለበት በተራመደች ቁጥር አገጯን ይገጫል። የመጀመሪያው አነሳስ አልሆነም፤ ሁለተኛውም አልሆነም። አያቷ በስፓኒሽ የምትሳደበውን ስድብ ተሳድባ በሦስተኛው ተነሣች። መሰላሉን ወጣች። ድንጋዩን ለቀመች። የመጨረሻውን ድንጋይ ከረጢቱ ውስጥ ስትጥል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ዳሬልም በሁለት ጣቱ አፏጨላት።

አለፈች። ጨረቃ የሷ ሆነች።

«ጀግና!» አለ ግራንት በማይክሮፎኑ። «አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ለሥርዓቱ ያህል። ልብሱ እንዴት ነው?»

መልሱን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል፤ ደህና ነው ማለት ብቻ ነው። ያን ጊዜ በራስ ቁሩ መስታወት በኩል ሊንን አየቻት። ወለሉ ዳር ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች፤ አንዱ ቴክኒሻን ቀኝ ብብቷ ሥር ስፖንጅ ይጎሰጉሳል፤ ግንባሯ በላብ ርሷል፤ ትስቃለች።

«አይሆንም» አለች ኔልዳ።

«ምን አልሽ?»

«ልብሱ አይሆነኝም። ትከሻዬ ተልጧል፣ ጣቶቼ ጓንቱን አይሞሉትም፣ አገጬ እየደማ ነው። ያለፍኩት እኔ ነኝ፣ ልብሱ አላለፈም። ጨረቃ ላይ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሆኜ ብሠራ ዳሬል እኔን አዝሎ ነው የሚመለሰው።»

ከኋላ አንዱ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች በሚል ዓይን ራሱን ያወዛውዛል። ግራንት ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ኔልዳ… አልፈሻል እኮ» አለ። እየለመናት ነበር።

«አውቃለሁ» አለች፤ ድምጿ ተሰበረባትና በድምጿም ተናደደች። «አውቃለሁ አልኩህ፣ አትንገረኝ!»

ከልብሱ አወጧት። አገጯ ላይ በረዶ ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አጠገቧ ድርሽ አላለም። ሃርላን ብቻ ሲያልፍ ትከሻዋን ሊነካት እጁን ዘርግቶ፣ እንደተላጠ አስታውሶ መለሰው።

«እንግዲያስ ሊን ትግባ» አለ ግራንት።

ሊን ገባች። ወጣት ናት፣ ቀልጣፋ ናት፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች፣ መሰላሉን በአንድ ትንፋሽ ወጣች። ኔልዳ ብቻ ናት ሁሉንም ነገር በግራ እጇ እንደምትይዝ ያየችው። ጥያቄው ሲመጣ የሊን ድምጽ በድምጽ ማጉያው እንደ ደወል ጠራ።

«በጣም ደህና ነው! ለኔ የተሰፋ ነው የሚመስለው!»

ግራንት እፎይ ብሎ ሳቀ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ኔልዳ በረዶውን ጨመቀችው። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን በአንድ ቃል ጣለችው፤ ያቺ ደግሞ በአንድ ቃል አነሣችው! ተነሥታ በጥፊ ብትላት ደስ ይላት ነበር።

ሃርላን የልብሱን የጀርባ በር ከፈተ። ለመውጣት ሰው እጁን ከእጅጌው ይስብና በበሩ በኩል ወደ ኋላና ወደ ላይ ዘርግቶ ከራሱ በላይ ያለውን የብረት ዘንግ ይይዛል፤ ከዚያ ራሱን ይጎትታል።

«እጅሽን ወደ ላይ» አላት። «ዘንጉን ያዢ።»

ግራ እጇ ወጣ። ቀኙ አልወጣም።

«ቀኙንም።»

«እሺ፣ አንድ ጊዜ…»

«ምን ያዘሽ? ቆይ ልርዳሽ» ብሎ ሃርላን ክርኗን ይዞ ሳብ አደረገው።

ጮኸች። ማይክሮፎኑ ገና አልተዘጋም ነበርና ጩኸቷ በድምጽ ማጉያው አዳራሹን ሞላው። ሃርላን እሳት እንደነካ ሰው እጁን ነጠቀ።

«ምንም አይደለም!» አለች ሊን እያለከለከች። «ጡንቻዬ ነው… ተሸማቆ ነው…» ግማሽ ሰውነቷ ልብሱ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ በዓይኗ ኔልዳን ፈለገቻት። አድኚኝ የሚል ዓይን ነው።

ኔልዳ እንዲህ ላለው ሰዓት የሚሆን ውሸት ሞልቷታል። እጅጌው ተጠምዝዞ ነው፣ ስፖንጁ ይዟት ነው፣ ውኃ ጠምቷት ነው። ወደ ልብሱ መቆሚያ ወጣችና የሊንን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«ንገሪያቸው» አለቻት። «ያን ጊዜ ያልኩሽን እርሺው። የጅል ምክር ነው የመከርኩሽ።»

«እትዬ፣ በእናትሽ…»

«ንገሪያቸው፣ የኔ እህት።»

ሊን አለቀሰች። «ያመኛል» አለች። «ከየካቲት ጀምሮ ያመኛል። ፀጉሬን እንኳ የምታበጥርልኝ ጎረቤቴ ናት።»

ሃርላን ወደ ሊን ቀረበ። «በየሳምንቱ አልጠየቅሁሽም?»

«ጠይቀኸኛል።»

«ደህና ነው አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

ከግድግዳው በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዳሬል ነው፤ ያ ሁሉ ግንድ ትምህርት ቤት አርፍዶ እንደመጣ ልጅ ጫማውን ያያል። «ሃርላን… ትልቁም ልብስ እኮ ጉልበቱ ላይ ያጣብቃል። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ይደነዝዘኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአለቱ ጊዜ ጀምሮ።»

«ዳሬል! ከዚያ በኋላ እኮ ሁለት ልብስ ሠርቻለሁ! ጉልበቱን እንዳለ ነው የገለበጥኩት፣ ‹ጉልበቱ አንደኛ ነው› ብለኸኝ!»

«ምን ልበል ታዲያ?»

ከዚያ ነገሩ እንደ ተቀደደ ጆንያ ተዘረገፈ። አንዷ አንገቷን አለች፣ አንዱ ክርኑን፣ አንዱ ደግሞ ስለ ሽንት መሽኛው የተናገረውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ሃርላን መሃል አሸዋው ላይ ቆሞ ወደ አንዱም ወደ ሌላውም ይዞራል፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ዕድሜዬን በላችሁት!» ብሎ ጮኸ። «እንዴት ነው ስላችሁ ደህና፣ እንዴት ነው ስላችሁ ደህና! እኔ እኮ በናንተ ደህና ላይ ነው ልብስ ስሠራ የኖርኩት! ከማርስ ወደ ጨረቃ፣ ከጨረቃ ወደ አለት፣ ዕቅዱ ሲቀየር እኔ ጥፋታችሁን ተሸክሜ እዞራለሁ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም? ሹሞቹን ስረግም ኖርኩ፤ ለካ ግማሹ ጣጣ እናንተ ናችሁ!»

ዳሬል ጎንበስ ብሎ የሚደነዝዘውን እግሩን ያሻል።

ግራንት አንዱ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰብ የሚለው ቃል ከአፉ ጠፋ። ሊንን ቀስ ብለው፣ ልብሱን በጎን ፈተው እስኪያወጧት ድረስ ሲያይ ቆየ። በኋላ ወደ ሃርላን ቀና አለ።

«ሁሉንም ልብሶች አስተካክሎ፣ ትንሹንም ጨምሮ ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

ሃርላን ወደ ኔልዳ አየና ዓይኑን አሸሸ። «ሦስት ዓመት» አለ። «ማንም መሃል ገብቶ ካልሰረዘው።»

«እንግዲያው ጉዞው ይዘገያል። እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ» አለ ግራንት። «ትንሹም በዚህኛው ምዕራፍ ይሠራል። በቀጣዩ አይደለም፣ በዚህኛው።»

ይህን ቃል ለመስማት ኔልዳ ስንት ዓመት ጠብቃለች። ሐኪሞቹ የሰጧት ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከሁለት ሦስት ይበልጣል፤ ይህን ለማወቅ ጠፈርተኛ መሆን አያስፈልግም።

ሃርላን ከኪሱ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣ። እስከ ዛሬ የነደፈውን ትንሽ ልክ ሁሉ የነደፈው በኔልዳ ገላ ነው፤ ስለዚህ ሳያስበው ወደ እሷ መጣ። «እስቲ እጅሽን ዘርጊ» አላት። እሷም በልማድ ዘረጋች። ሜትሩ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነቁና ተያዩ።

«ኔልዳ…» አለ ሃርላን።

«እኔን ምን ትለካኛለህ፣ አንተ ሽማግሌ» አለችው፤ እንባዋ የደማው አገጯ ላይ እየወረደ ነው፣ አልጠረገችውም። «እሷን ለካ።»

«ምናልባት ሐኪሞቹ…»

«እሷን ለካ አልኩህ!»

ሃርላን ሜትሩን ይዞ ወደ ሊን ዞረ። ሊን ግራ እጇን ዘረጋች፤ ቀኙ አልነሣ አላት። ኔልዳ ከጎኗ ቆማ ክንዷን ከሥር ደገፈችና በጣም ቀስ እያለች ወደ ላይ አነሣችላት፤ ሊን «እዚህ ጋ ያመኛል» እስክትል ድረስ።